ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ እኛ የማንሰማውን ድምፅ መስማት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ስኪዞፍሬንያ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲወስድ ተሽሎት ነበር። ጠበል ስንወስደው ግን «ኪኒን እየዋጠ ጠበል አይሠራለትም» ስላሉን እናታችን አስቆመችው። አሁን እንቅልፍ አጥቷል። እሷም «በእኔ ኃጢአት ነው» እያለች ታለቅሳለች። እምነት ጎድሎን ይሆን? ይድናልስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ ውሰጂው። እንዲህ ያለው መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ እንቅልፍ ማጣትም አንዱ ምልክት ነው። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ደግሞ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቂ።

እምነት አልጎደላችሁም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ንጉሥ ሕዝቅያስን ተመልከቺ። አልቅሶ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ከዚያ በኋላ ነው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ በቁስሉ ላይ አድርጉለት ያለው (2ኛ ነገ. 20)። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ መድኃኒቱ አልቀረም! በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል።

ስለዚህ ጠበሉን አታስቀሩበት። ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠመቅ፣ ይጠጣ፤ ኪኒኑን ማታ መዋጥ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ስለ ጾሙ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ትራራለች። በሰንሰለት እንሰረው የሚል ካለ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እሺ እንዳትሉ።

የእናትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው በማን ኃጢአት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታችን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9)። አጠገቧ ተቀምጠሽ ይህንኑ አንብቢላት፤ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግመሽ። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ መደበቅ ካለም ይቅር።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ጨርሶ የሚሻለው አለ። ኪኒኑን ዕድሜ ልኩን እየዋጠ የሚሠራ፣ የሚያገባ፣ የሚቆርብም አለ፤ እኔ ይህን ከፈውስ አሳንሼ አላየውም። እሑድ አብሮሽ ያስቀድስ። ሰው ሲበዛ የሚረበሽ ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሲደክመው ይቀመጥ። የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፤ በጸሎት እናስበዋለን።