ጥያቄና መልስ፦ ኢሱዙዬን ሸጬ የስፖርት መኪና ብገዛ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ዕድሜዬ 24 ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ኢሱዙ አለችኝ፤ ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫንኩ አዲስ አበባ አስገባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ባለ ሁለት በር ሙስታንግ መያዝ ነው። አሁን አንድ ደላላ አግኝቶልኛል፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ከ400 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት። ኢሱዙዋን ሸጬ፣ የደረሰኝን እቁብ ጨምሬ፣ የጎደለውን ከአጎቴ ብበደር ይሞላል። ለሰርግ እያከራየሁ ብድሩን እመልሳለሁ ብዬ አስቤያለሁ። እናቴ ግን አለቀሰች። ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያገለግል ጓደኛዬ ደግሞ «ዓለማዊ ሆነሃል፤ ኃጢአት ነው» አለኝ። እኔ አልሰረቅሁም፣ ማንንም አላጭበረበርሁም፤ የላቤ ነው። ለቁልቢ ገብርኤልም ተስያለሁ፤ ካገኘኋት ለታኅሣሥ 19 በእርሷ እሄዳለሁ ብዬ። እንደገዛኋትም ካህን ጠርቼ ጠበል አስረጫታለሁ። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? በአጭሩ ይመልሱልኝ።

መልስ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንድሜ፣ «በአጭሩ» ስላልከኝ በአጭሩ እጀምራለሁ። መኪናዋ ኃጢአት አይደለችም፤ አንተ ግን አሁን አትግዛት። ሁለቱን ነገር ለይተህ ካልያዝክ ጓደኛህም ልክ ይመስላል፣ አንተም ልክ ትመስላለህ፤ ክርክሩም አያልቅም። የቸኮለ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል።

ጓደኛህን ቶሎ ልለፈው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሲሊንደር ብዛት የደነገገችው ቀኖና የለም። አብርሃም ባለጠጋ ነበር፤ ኢዮብም እንዲሁ። ሰውን «ዓለማዊ» ለማለት የሚፈጥን አገልጋይ ነጠላውን አጣፍቶ በእጁ የያዘው ስልክ በስንት እንደተገዛ ቢጠየቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ሠረገላ የነበረው አንድ ኢትዮጵያዊ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎልናል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ። ታሪኩን ከልጅነትህ ጀምሮ ስትሰማው ኖረሃል፤ ዛሬ ግን እንደ ሹፌር ሆነህ ስማው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሕዝቡ እግረኛ ነው፤ ሠረገላ የሹም ነገር ነበር። ፊልጶስ ሲደርስበት «ይህን ሠረገላ ሽጠህ ለድሃ ስጥ» አላለውም። እንዲያውም መንፈስ ቅዱስ ራሱ ነው ፊልጶስን ወደ ሠረገላው ቅረብ ያለው። ጃንደረባው ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፤ ስላልገባው ያን አቧራ የለበሰ መንገደኛ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ውኃ ዘንድ ሲደርሱም ሠረገላው ይቆም ዘንድ አዘዘ፤ ወርዶ ተጠመቀ። ከዚያም ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ሠረገላውን ጥሎ በእግሩ ሄደ የሚል አልተጻፈም።

መጽሐፉ ይህን ሰው ሲያስተዋውቀን በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ «የሠለጠነ» ይለዋል። ይህችን ቃል ያዛት። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 «ሁሉ ተፈቅዶልኛል» ካለ በኋላ «በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» ይላል። ያው ቃል ነው። በገንዘብ ላይ የሠለጠነ ሰው አለ፤ ገንዘብ የሠለጠነበት ሰውም አለ። እኛ ዛሬ «ሠለጠነ» የምንለው አዲስ ዕቃ የያዘውን ነው፤ አንተም መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «ሠለጠንኩ» ብለሃል። በመጽሐፉ አማርኛ ግን ቃሉ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ይናገራል። የጃንደረባው ሠረገላ ቁም ሲባል የሚቆም ነበር። የአንተዋስ ቁሚ ስትላት ትቆማለች? ፍሬኗን ማለቴ አይደለም፤ እርሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ይህን ከዐውደ ምሕረት ቁልቁል እያየሁህ አይደለም የምነግርህ። ዲያቆን ሳለሁ፣ በጊዜው ወጣት ሁሉ የሚመኘውን ስልክ ተበድሬ ገዛሁ። ኪዳን ቆሜ እጄ ኪሴን ይዳብሳል። ዝናብ ሲመጣ የምሮጠው እንዳልበሰብስ ሳይሆን እንዳይበሰብስ ነበር። የሁለት ወር አስቤዛዬን በልቶ፣ ብድሩ ሳያልቅ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ያን ዕለት ያዘንኩትን ያህል ለኃጢአቴ አዝኜ አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁብኝና «ሌባው ነጻ አወጣህ» አሉኝ። ስልክ እንዲህ ካደረገኝ ሙስታንግ ምን ታደርገኝ እንደነበር እንጃ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ደብዳቤህን ሳነብ ልቤ የቆመው እዚያ ላይ ነው። (ደላላው የጠራልህን ዋጋም ጽፈህልኝ ነበር፤ አንባቢ እንዳይደነግጥ ብዬ አውጥቼዋለሁ።) የምታበላህን ሸጠህ የምትበላህን ልትገዛ ነው። ኢሱዙዋ አንተን፣ እናትህን፣ እህትህን ታበላለች። ሌሎችም አሉ፤ ረዳትህ በደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። መቂ ላይ የሚጭኑት፣ እዚህ የሚያወርዱት ልጆችስ? የእነርሱን እንጀራ ሽጠህ የአንተን ሕልም ስትገዛ «የላቤ ነው» ማለት አትችልም፤ ላቡ የብዙ ሰው ነው።

«የደረሰኝ እቁብ» ብለሃል። ስንተኛው ዙር ላይ ደረሰህ? ቀድሞ ከደረሰህ ያ ገንዘብ ገና የምትከፍለው ዕዳ ነው፤ ቀሪውን ዙር የምትጥለው ደግሞ ከኢሱዙዋ ገቢ ነበር። ምንጩን ሸጠህ ጅረቱን ትቀዳለህ? በላዩ የአጎትህ ብድር ይመጣል። መጽሐፈ ምሳሌ (22፥7) ተበዳሪ የአበዳሪው ባሪያ ነው ይላል። አጎትህ ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ለቅሶ ቤት ስትገናኙ ዐይኑን ማየት እንደምትፈራ ካሁኑ አውቄልሃለሁ።

ሰርግስ? ልጄ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግህ ሰው ይህን እንዴት ረሳኸው! በጾም ሰርግ የለም። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 ጾመ ሐዋርያት፤ በነሐሴ ፍልሰታ። ክረምቱን ጨምርበትና ሰርግ የሚበዛባቸውን ወራት ቁጠር፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚተርፍህ። ብድር ግን አይጾምም።

ሌላው አንተው የምታውቀው ነገር ነው፤ ባልፈውም ደስ ይለኝ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነን አዲስ የቤት መኪና 100 በመቶ እንዲከፈልበት ያደረገው እንደ ቅንጦት ዕቃ ቆጥሮት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ደላላህ «ከእንግዲህ አትገኝም፣ ቶሎ በል» የሚልህ ይህን ይዞ ነው። እውነቱን ነው፤ ግን ያው እውነት መለዋወጫዋንም ይነካል። የኢሱዙ ዕቃ ሞጆ ላይ ቢበላሽብህ ሞጆ ላይ ታገኛለህ፤ የእርሷን ከዱባይ የሚያመጣልህ ሰው ስትለማመጥ ቦሎዋ ያልፋል። ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና በእኛ ሰፈር ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ እንዴት እንደምታልፍ ደግሞ ለአንተ ለሹፌሩ ልተወው። ጌታ በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል ያለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ተቀምጦ ነው ያለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አሁን ወደ ፈረስ ጉልበቱ። «ከ400 በላይ» ስትል ብዕርህ ራሱ የፈጠነ ይመስላል። ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ የዘመኑን ባለጠጎች ሲገሥጽ፣ ሠረገሎቻቸውን በናስና በብር ከማልበሳቸው ሌላ የፈረሶቻቸውን የዘር ሐረግ እንደ ሰው ዘር ይቆጥራሉ ብሎ ነበር። እነርሱ የፈረሱን አባትና አያት ይቆጥሩ ነበር፤ እኛ ጉልበቱን እንቆጥራለን። ዳዊት ደግሞ በመዝሙር 32፥17 ፈረስ ለማዳን ከንቱ እንደሆነ፣ በጉልበቱ ብዛትም እንደማያስመልጥ ይነግርሃል። የመኪናህ ምልክት የሚሮጥ ፈረስ መሆኑን ስታስብ መዝሙሩን ለአንተ የጻፈልህ አይመስልም?

ፍሬኑን እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። አጥቢያችን ውስጥ መካኒክ የሆኑ ልጆች ያስረዱኝን ልንገርህ፤ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሣው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ የተፈቀደው ጣሪያ 120 ነው። በ60 ስትነዳ ለማቆም የሚበቃህ መንገድ በ120 አራት ጊዜ ይረዝማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አንተው አስላው። ኢሱዙ ጭነት ስትይዝ ትሕትና ታስተምርሃለች፤ ዳገቱ ላይ ትለምናታለህ። ያቺኛዋ ግን ገና ሳትጠይቃት እሺ የምትል ናት። እኔ የምኖረው ከመንገዱ ብዙ አልርቅም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለወጣት ፍትሐት የተደረገባቸውን ቀኖች አልቆጥርልህም።

አንድ ትዝብት ልጨምር። በ2ኛ ነገሥት 9፥20 በግንብ ላይ የቆመው ጠባቂ ኢዩን ከሩቅ የለየው በፊቱ ሳይሆን በአነዳዱ ነው። በእኛም ሰፈር በእሑድ ቅዳሴ መካከል ማርሚታቸውን አስቆርጠው የሚያልፉ ልጆች አሉ። ዲያቆኑ «ጸልዩ» ሲል ሞተሩ ይመልሳል። ሕዝቡ ማንነታቸውን ሳያይ ስማቸውን ይጠራል፤ በበጎ አይደለም።

ስለ ስለቱ ብዙ አትጨነቅ፤ ግን አስተካክለው። ስለት ከቅዱስ ገብርኤል ጋር የሚደረግ ድርድር አይደለም። ሲሳሉ ልጅ እንዲወለድላቸው፣ ከደዌ እንዲፈወሱ የሚለምኑ አሉ፤ አንተ ደግሞ ለራስህ የምትመኘውን ለመልአኩ የምትሰጠው አስመስለህ አቀረብከው። የተሳልከው «ካገኘኋት» ብለህ ነው፤ ካላገኘሃት የሚከተልህ ዕዳ የለም። ቢሆንም ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እርሳቸው የሚሉህን አድርግ። ቁልቢ መሄድ ከፈለግህ በአውቶብስ ሂድ፤ ያን ሁሉ አገር በእግራቸው አቋርጠው የሚደርሱ ምእመናን አሉ። በሙስታንግ የመጣ ቅድሚያ አይሰጠውም።

እናትህ ለምን እንዳለቀሰች ጠይቀሃታል? «አለቀሰች» ብለህ ጻፍክ እንጂ ምን እንዳለች አልጻፍክም። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ ካላለቀ በየወሩ ማን እንደሚከፍለው እኔ አላውቅም፤ እርሷ ግን ታውቃለች። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥና ስማት። አትከራከራት፤ ስማት ብቻ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ስለዚህ በጭራሽ?» ትለኝ ይሆናል። አላልኩም። ኢሱዙዋ ሥራዋ ላይ እያለች፣ እቁቡን ጥለህ ጨርሰህ፣ የእናትህ ቤት ከዕዳ ነጻ ሆኖ፣ አሥራትህን አውጥተህ፣ ከተረፈህ ገዝተህ «ሽጣት» ሲሉህ ሳታመነታ የምትሸጣት ከሆነ፣ ያን ጊዜ አንተ ሠልጥነህባታል ማለት ነው። እኔም አልከለክልህም፤ እንዲያውም እስከ ክፍያ ጣቢያው ድረስ አድርሰኝ እልህ ይሆናል፤ በ80 የምትነዳ ከሆነ። ያ ጊዜ ሲደርስ ፍላጎቱ ራሱ አልፎልህ ብታገኘውም አትደንግጥ።

የቀረው የጠበሉ ጉዳይ ነው። መኪና በጠበል ማስረጨት መልካም ልማድ ነው፤ ካህኑ የሚጸልየው ግን ለብረቱ ሳይሆን ለነጂውና ለመንገዱ ነው፤ ፍጥነት የሚያስፈቅድ ማኅተምም አይደለም። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ስለ ሙስታንጓ ጠበል ጽፈህ ስለ ኢሱዙዋ ምንም አለማለትህን አየሁ። ዓመታት ሙሉ ሌሊት ከመቂ ስትመላለስ አንድም ቀን አላስረጨሃትም ማለት ነው? ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ አለሁ። ረዳትህን አስከትለህ ይዘሃት ና፤ ሽንኩርቱን አስቀድማችሁ አውርዱ።