ወንድምህን "ሥራህን ልቀቅ" ከማለትህ በፊት

ሰሞኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የያዘኝ፤ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ። "ጋሼ፣ ይሄን ራስት የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ልማር? ሪሞት ሥራው፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራው፣ ሞልቷል ይላሉ።" ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። አሜሪካ ከገባ ገና ዓመት ከሦስት ወሩ ነው።

እኔም እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ እንደሱ ነበርኩ። ከፓርኪንግ ቡዝ ተነስቼ፣ ዛሬ በጃቫ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራዬን ስበላ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለዚህ ያየሁትን ልናገር። ጠንከር ካልኩባችሁ አትቀየሙኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወሬው እውነት ነው፣ ሥራው ግን ለጀማሪ አይደለም

ራስት ጥሩ ቋንቋ ነው። በቆዩት ቋንቋዎች፣ በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሲጻፍ ፕሮግራመሩ በሚሞሪ (ኮምፒውተሩ ዳታ በሚይዝበት ቦታ) አያያዝ ከተሳሳተ ስህተቱ ተደብቆ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሌባ ይገባበታል። ማይክሮሶፍት ከሚደፍናቸው የደህንነት ቀዳዳዎች 70 ከመቶ ያህሉ ከዚህ የሚመጡ መሆናቸውን ራሱ ተናግሯል። ራስት እንዲህ ያለውን ኮድ ገና ከበሩ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው በ2022 መጨረሻ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በ6.1 እትሙ ውስጥ ቦታ ያገኘው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ዋይት ሀውስ ሳይቀር ሪፖርት አውጥቶ "ሚሞሪ የማያስበላሹ ቋንቋዎችን ተጠቀሙ" ብሏል።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ይሄ ነው። የማይዞረውን ልጨምርላችሁ። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረ ገጽ በ2024 ፕሮግራመሮችን ሲጠይቅ፣ ራስትን ከሞከሩት 83 ከመቶው ወደፊትም ልንሠራበት እንፈልጋለን አሉ። ከቋንቋ ሁሉ አንደኛ። የሚጠቀሙበት ግን 13 ከመቶ ገደማ ናቸው። ጃቫስክሪፕት 62፣ ፓይተን 51። ያደነቀው ሁሉ አይቀጥርበትም።

እስቲ አንድ የራስት ሥራ ማስታወቂያ ከፍታችሁ እስከ ታች አንብቡት። ሲኒየር ይላል። አምስት ዓመት የሲ ፕላስ ፕላስ ልምድ ይላል። እነ ክላውድፌርና አማዞን ፒንጎራና ፋየርክራከር የሚባሉትን ትልልቅ የሰርቨር ሶፍትዌሮቻቸውን በራስት ሲጽፉ ጀማሪ ሰብስበው አይደለም። ብዙው ኩባንያ ደግሞ ከውጭ ሰው አይፈልግም። ቤት ያለውን ሲኒየር ጠርቶ "ተማረውና ይሄን ክፍል እንደገና ጻፈው" ይለዋል። ማስታወቂያ እንኳ አይወጣም።

የቀረው ክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘቡ ዓለም ነው። እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። የኔ ቁስል ያለው እዚያ ነው።

2. እንጀራ በሚያበላው ጀምሩ

ጃቫ፣ ፓይተን፣ ኤስኪውኤል። አሰልቺ ነው? አዎ። ግን ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ እዚህ ዲሲ ዙሪያ ያለው የመንግሥት ኮንትራክተር ሁሉ የሚሠራው በነዚህ ነው። የግድ አዲስ ቋንቋ ካማራችሁ ጎ ይሻላችኋል። ፕሮግራም በኢንተርኔት ሰርቨሮች (ክላውድ በሚሉት) ላይ የሚያስኬዱት ዶከርና ኩበርኔቲስ የተጻፉት በሱ ስለሆነ ክላውድ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በአጭር ጊዜም ይለመዳል። ራስት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋችሁ ይሁን። ለመማር ደግሞ ለማንም አትክፈሉ፤ ዋናው መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል። እንደ እህቴ የማያት አንዲት ሴት አረጋውያንን ስትንከባከብ ያጠራቀመችውን 14 ሺህ ዶላር ለቡትካምፕ (ለአጭር የኮዲንግ ሥልጠና) ከፍላ፣ ሰርተፊኬቱ ሳሎን ተሰቅሎ፣ እሷ ዛሬም እዚያው ሥራዋ ላይ ናት።

የመጀመሪያ ሥራችሁን ደግሞ ሪሞት አታድርጉት። ምነው ብትሉ፣ እኔ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ስህተት ላይ ተቸክዬ ነበር። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ምሳ እንኳ አልወጣም። ጎኔ የተቀመጠው ህንዳዊ አንገቱን አስግጎ ስክሪኔን አየና "የዳታቤዙ ፖርት ተሳስቷል" አለኝ። አንድ ቁጥር። ቤቴ ሆኜ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ቀን "አልቻልኩም" ብዬ እለቅ ነበር።

3. ወረቀት

የሥራ ፈቃዳችሁ የታደሰ ይሁን። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆኑ በኮንትራት፣ ከሠራችሁ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 ከመቶ የራስ ሥራ ግብር እንዳለ አትርሱ። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ሪሞትም ብትሆኑ ወደ ሌላ ከተማ ከመግባታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ። በቃ።

4. አገር ቤት ያለውን ልጅ ተዉት

መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ያ ቤተ ክርስቲያን የያዘኝ ልጅ ጥያቄውን ሲጨርስ ምን አለ መሰላችሁ? "እኔስ ይቅር፣ ለታናሽ ወንድሜ ብዬ ነው። መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። እሱን አስለቅቄ ኮዲንግ ላስተምረው ነው።" እጁን ያዝኩት። እውነቴን ነው፣ ያዝኩት።

እኔም ታናሽ ወንድም አለኝ። በ2020 አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ፒኤችፒ፣ የድረ ገጽ መሥሪያውን ቋንቋ፣ ይጽፍ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ናት፣ ግን የራሱ ናት። ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ ይጠጣል፣ ለእናታችን በየወሩ አንድ ነገር ይይዛል። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ ስለ ራስት አነባለሁ። አንድ ቀን ደወልኩና "ልቀቅ" አልኩት። "በወር 300 ዶላር እልክልሃለሁ። ዓመት ተማርና ከቤትህ ሆነህ በዶላር ትበላለህ።" እሱ ዝም አለ። ከዚያ "አንተ ካልክ" አለኝ።

አንተ ካልክ። ይቺን ቃል ስሙልኝ። ውጭ ያለ ሰው ሲናገር አገር ቤት እንደ ምክር አይደለም የሚሰማው፤ እንደ ትእዛዝ ነው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። እኔ ራሴ ቫይበር አልሠራ ብሎኝ በካርድ እየደወልኩ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት። ይሄን ያየሁ ሰውዬ፣ ስድስት ወር ሳይሞላኝ ያንኑ ልጅ "ኑሮህን በኢንተርኔት ላይ አድርግ" አልኩት።

ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ ዓመት ከመንፈቅ ተማረ። 5,400 ዶላር ላክሁ። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑን ይዞ ጀነሬተር ያለው ካፌ ይሄዳል፣ አንድ ሻይ አዝዞ አራት ሰዓት ይቀመጣል፣ አስተናጋጇ ታየዋለች። እኔ ደውዬ "የት ደረስክ?" እለዋለሁ። አንድ ቀን "መብራት የለም" ሲለኝ "ሰበብ አታብዛ" አልኩት። ሰበብ! ይሄን ያልኩት መብራቱ ጠፍቶበት የማያውቅ አፓርትመንት ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ማመልከት ጀመረ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ "ሪሞት" ይላል። ፎርሙ መሃል ሲደርስ "የምትኖርበትን ስቴት ምረጥ" ይለዋል፤ ከአላባማ እስከ ዋዮሚንግ። አዲስ አበባ የለችም። ኩባንያው ሰው የሚቀጥረው ግብር በሚከፍልበት አገር ነው። ይሄን እኔ አውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ግን ለሱ ስል አላሰብኩትም።

በመጨረሻ የወሰደው ክሪፕቶው ነው። ሶላና በሚባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ ፕሮግራም የሚጻፈው በራስት ስለሆነ ሰው ይፈልጉ ነበር፣ አገርህ የት ነው ብለውም አልጠየቁም። ክፍያው ግማሹ ራሳቸው ባወጡት የክሪፕቶ ሳንቲም ነው። ስብሰባው በዋሽንግተን ሰዓት። እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ አሥር ነው፤ እኛ ከሥራ ስንወጣ እነሱ ስድስት ሰዓት ሌሊት ናቸው። ሰዓት ሲቀየር ደግሞ አንድ ይጨመራል። ጥቂት ወራት እንዲህ ሠራ። በኖቬምበር 2022 ትልቁ የክሪፕቶ መገበያያ ኤፍቲኤክስ ሲወድቅ ሶላናም አብራ ወረደች። አንድ ማለዳ የቡድኑ ቻት ተዘግቶ አገኘው። የሁለት ወር ደመወዙም እዚያው ቀረ። ማንን ይክሰስ?

የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀና ዶላሩ ከተሰቀለ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥያቄ እየበዛብኝ ነው። ይገባኛል። ግን ልጁን ከሥራው ከማስነሳታችሁ በፊት ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡት። ከኢትዮጵያ ይቀጥራል? ገንዘቡ በየት በኩል ነው እጁ የሚገባው? ኢንተርኔት ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ አለቃው ይታገሰዋል? ልጁ "በአንተ ስም አካውንት ክፈትና እኔ ልሥራ" ካላችሁ ደግሞ እሺ አትበሉ። ውሉም ግብሩም በናንተ ስም ነው የሚመጣው።

ኮርስ አትግዙለት። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዐረብ ኤምሬትስ ጋር በ2024 የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም እንኳ በነፃ ነው። የጎደለው ቀጣሪ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። መርዳት ካማራችሁ ሥራው ላይ እያለ መብራት ሲሄድ የምትይዝለት ባትሪ ላኩለት።

ወንድሜ አሁን ቦሌ አካባቢ አንድ ድርጅት ገብቷል። እንደገና ፒኤችፒ። ከሱ ጋር የጀመሩት ልጆች አለቆቹ ሆነዋል። እናቴ "ያን ሥራ ለምን ለቀቀ?" ብላ ስትጠይቀኝ እስካሁን ወሬ እቀይራለሁ። ለፋሲካ ስደውል እንደ ዘበት "ያ ራስትህስ?" አልኩት። ሳቀ።

"አንዳንዴ ማታ ማታ እነካካዋለሁ" አለኝ። "ለራሴ። መብራት ካለ።"