መልስ፦ አንዶ ሾኤኪ ኮንፊሽየስን ለምን ሌባ አለው?

ሾኤኪ «ሌባ» ሲል መሳደቡ ብቻ አይደለም፣ ክስ ነው። ሰውየው በሰሜን ጃፓን በሃቺኖሄ ከተማ ሐኪም ነበር (1703–1762 እ.ኤ.አ.)። ለእሱ የተፈጥሮ መንገድ አንድ ነው፦ ሁሉም ሰው በገዛ እጁ አርሶ መብላት። እንደ ኮንፊሽየስ ያሉ የቻይና ጠቢባን ግን ሳያርሱ በሉ፤ ከዚያም የበላይና የበታች የሚል ሕግ አወጡና የገበሬውን እህል መውሰድን «ሥርዓት» አሉት። ግብሩም፣ ሳሙራዩም (የጃፓን ጦረኛ መደብ)፣ ረሃቡም ከዚያ ይመዘዛል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮንፊሽየስን ስለነቀፈ የላኦ ትዙ (የሌላው የቻይና ጠቢብ) ወይም የቡድሃ ተከታይ ያደርገዋል። ሾኤኪ ግን ሁለቱንም በዚያው ክስ ይከሳቸዋል፤ መነኩሴም ሳያርስ ይበላላ! ደግሞ በ1753 በታተመው ባለ 3 ቅጽ መጽሐፉ ብቻ አትፍረድ። ቃሉ የሚከርረው ባልታተመው የእጅ ጽሑፉ ነው፤ የእሱም አብዛኛው ክፍል በ1923ቱ የቶኪዮ መሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ተቃጥሏል።