«ወንድ ነው፣ ተይው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ5 ዓመት ወንድ ልጅና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ሲቆጣ እጁን ያነሣብኛል። አሁን ልጄም ታናሽ እህቱን መምታት ጀምሯል። ስቆጣው አማቴ «ወንድ ነው፣ ተይው» ይላሉ። ግረፊው የሚሉኝም አሉ። ምን ላድርግ? እኔስ ዝም ብዬ ልቻል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከልጁ ልጀምር።

ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ሕፃናቱ እቃቃ ሲጫወቱ አያለሁ። አንድ ቀን አባት የሆነው ልጅ በቆርኪ የቀረበለትን የጭቃ ወጥ በእግሩ በተነው። «ይሄ ነው ራት?» አለ። እናት የሆነችው ልጅ ምንም ሳትል ፊቷን በክንዷ ጋረደች። ሁለቱም 6 ዓመት አልሞላቸውም። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፤ ያዩትን ነው የተጫወቱት። ያን ቀን ትምህርቱን መቀጠል አቃተኝ።

ያንቺም ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። ወንድነት ማለት ይህ ነው ብሎ ከቤቱ ለምዶ ነው። ስለዚህ ሲመታት እጁን ያዢው። ዝቅ ብለሽ ዓይን ዓይኑን እያየሽ «እህትህን አትመታም» በዪው። ምን እንዳናደደው በአፉ ይንገርሽ። የሷንም ልቅሶ አታቃልዪ። ዛሬ «ወንድምሽ ነው፣ ቻዪው» ካልሻት ነገ የባሏን ዱላ ትችላለች። የደብረ ብርሃንን የማታ ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ስትተኛ ጋቢውን የሚያለብሳት እሱ ይሁን።

ግረፊው ለሚሉሽ፦ ምሳሌ 13፥24 ስለ በትር ተናግሮ «ተግቶ ይገሥጸዋል» ብሎ ነው የሚጨርሰው። ሰው ግን በትሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው» ብሏል፤ ኤፌ 6፥4። መምታት በመምታት አይተውም።

ወደ አንቺ ልምጣ። «መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» የሚልሽ ካለ ተሳስቷል። ቅዱስ ጴጥሮስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ያዘዘው «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ብሎ ነው፤ 1ኛ ጴጥ 3፥7። እየተማታ የሚጾምና የሚያስቀድስ ሰው ይህን ቃል ደጋግሞ ያንብበው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ሚስትን መምታት አጥብቆ አውግዟል።

ለንስሐ አባታችሁ ምንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሽማግሌ ከገባም «ታረቁ» ብሎ ቡና ጠጥቶ መሄድ አይበቃም። እጁን እንደማያነሣ በፊታቸው ቃል ይግባ፤ እነሱም እየተመላለሱ ይጠይቁ። ለሕይወትሽ ከሰጋሽ ግን ማንንም አትጠብቂ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ከዱላ መሸሽ ትዳር ማፍረስ አይደለም። ፖሊስ ጋ መሄድም ኃጢአት የለበትም፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፣ ብዙዎቻችን የምንረሳው። ልጁን በ40 ቀኑ ክርስትና ያነሣው የክርስትና አባቱ። አደራው ለበዓል ልብስ መግዛት ብቻ አይደለም። ልጁ የማይማታ ወንድ በቅርብ ማየት ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ይውሰደው። ባልሽንም እንደ ወንድም ለብቻው ያናግረው። ዛሬውኑ ደውዪለት።