መልስ፦ የዓድዋ መታሰቢያ ታርጋ ከመኪና ፊት
እህቴ፣ ለጌጥ የሚሆነውን የዓድዋ መታሰቢያ ታርጋሽን ከመኪናሽ ፊት ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ይቻላል። ግዛቱ ለቤት መኪና የሚሰጠው አንድ ታርጋ ብቻ ነው፤ እሱም የሚታሰረው ከኋላ ነው። ወዳሰብሽው ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ስትዛወሪ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለቱም ከፊትም ከኋላም ሕጋዊ ታርጋ ስለሚጠይቁ ለመታሰቢያው ቦታ አይተርፍም።

አደራ የምልሽ ስለ ኋላው ሕጋዊ ታርጋ ነው። እኔ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የታርጋ ክፈፍ ገዝቼ ሳስር ጠርዙ የምዝገባውን እድሳት የሚያሳየውን የዓመቱን ተለጣፊ ግማሹን ሸፈነው፤ ወዲያውኑ ፈታሁት። ቁጥሩን ወይም ተለጣፊውን የሚጋርድ ነገር ፖሊስ እንዲያስቆምሽ በቂ ምክንያት ነው። ጠቆር ያለ የፕላስቲክ መሸፈኛም አታድርጊ፤ የጆርጂያ ሕግ የሚፈቅደው ቀለም የሌለውንና ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን ብቻ ነው።