መልስ፦ እንጀራም ሥጋም ሲያር ለምን ይጠቁራል?

«እንጀራም ሥጋም ወረቀትም ሲያር ይጠቁራል፤ ጨው ግን ለምን አይጠቁርም?» ላልከው ወንድሜ፦

እኔ ለገጣፎ ጫፍ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ዕለት በባህር ዛፍ ቅጠል ስንጋግር አንዷ እንጀራ ምጣዱ ላይ ተረስታ ከሰል ሆነች። ጠርዟን ስነካው ጣቴ ጠቆረ። ያ ጥቁር ነገር በአብዛኛው ካርቦን ነው። ከእሳቱ አልመጣም፤ ድሮም ጤፉ ውስጥ ነበር። የጤፉ ስታርች (ዋናው ዱቄታማ ክፍሉ) የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ነው። ሙቀት ሲበዛበት ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ በብዛት ውሃ ሆነው ይተናሉ። ካርቦኑ ይቀራል። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ብቻ ነው፣ ምኑ ይከስላል?

ካርቦንን አራት እጅ ያለው አድርገህ አስበው። በአንዱ ሃይድሮጅን፣ በሌላው የራሱን ቢጤ ይይዛል። እንዲህ እየተያያዘ ሰንሰለትም ቀለበትም ይሠራል። ግሉኮስ የሚባለው ቀላል ስኳር 6 ካርቦን አለው። ስታርች ደግሞ ብዙ ግሉኮስ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚሠራ ነው። ሥጋ ውስጥ ደግሞ ከነዚህ ሌላ ናይትሮጅንም አለ።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ በካርቦን የተሠሩ ውህዶች በኬሚስትሪ «ኦርጋኒክ» ይባላሉ፤ ማዳበሪያ ያልነካው ጎመን ማለት አይደለም። ድሮ ኬሚስቶች እነዚህን ውህዶች ሕይወት ያለው ነገር ብቻ የሚሠራቸው ይመስላቸው ነበር። በ1828 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ያለ ምንም ኩላሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ነጩ ዩሪያ እሱው ነው።