መልስ፦ ማኒኪን ላይ መለማመድ የሆስፒታሉን ልምምድ ይተካል ወይ?

ሰላም እህቴ። የነርሲንግ ተማሪ እንደሆንሽና የሆስፒታል ልምምዳችሁ በከፊል ወደ ሲሙሌሽን ክፍል፣ ማለትም በታካሚ ፈንታ በማኒኪን (ሰው መሰል አሻንጉሊት) ወደሚለማመዱበት ክፍል፣ መዛወሩ እንዳሳሰበሽ ጽፈሻል። ስጋትሽ ይገባኛል። በከፊል ይተካል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይተካም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሚስስ ቼዝ የተባለችው የነርሶች መለማመጃ አሻንጉሊት አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። የዛሬዎቹ ማኒኪኖች ደግሞ ይተነፍሳሉ፤ የደም ግፊታቸውም ይወርዳል። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት እስከ ግማሽ የሚሆነው የልምምድ ሰዓት በሲሙሌሽን ቢተካ የተማሪዎቹ ብቃት እንደማይቀንስ አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ የሰለጠኑ መምህራን፣ በቂ መሣሪያ፣ ከልምምዱ በኋላም በደንብ የሚመራ ውይይት።

ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ውይይት ነው። መምህሩ «ኦክስጅኑን ለምን አዘገየሽ?» ብሎ ከመቆጣት ይልቅ «ያን ሰዓት ምን እያየሽ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተማሪዋ የራሷን አስተሳሰብ መልሳ ታየዋለች። የተሳሳተችው ማንም ሳይጎዳ ነው። ውይይቱ ከተዘለለ ግን ያ ሁሉ ውድ ዕቃ ብዙም አይጠቅምም።

በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ክፍል የሚያሳየው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር የሥራ ቅደም ተከተል ለመልመድ ጥሩ ነው። እጅን ግን አያሰለጥንም። ልቡ የቆመን አዋቂ ደረት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን የሚለመደው በጉልበት ነው።

የእናንተ መምህራን ውይይቱን የሚዘሉት ከሆነ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አይዞሽ!